ሜዳይ በሙዳይ

(የኮሪያ ዘማች ቤተሰቦችና ወዳጆች በተገናኙበት አንድ የእሑድ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ከመቅረጫው ላይ ገልብጬ፣ ጥቂት «እ...» እና «ማለቴ ነው» ብቻ ቀንሼ አቅርቤዋለሁ።)

ክቡራን አባቶቼ፣ ክቡራት እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ይሰማል? ተመስገን።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። የጥሪ ወረቀቱ ላይ «ከሜዳይ ስብስቡ ጋር» ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ከፊት የተቀመጡት አባት ገና በር ላይ እጄን አይተው «የታለ ሳጥኑ?» ብለውኛል። ሳጥን የለም አባቴ። ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። አንድ ደብተርና አንድ የፎቶ ቅጂ ብቻ ይዣለሁ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ከረሳሁት አስታውሱኝ፤ እኔን ወሬ ይወስደኛል።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ ሜዳዮች ምን እንደሆኑ። ሁለተኛ፣ ባለቤታቸው እንዴት እንደሚፈለግ። ሦስተኛ፣ ምን ማድረግ እንደሌለብን። ሦስተኛውን የማውቀው ሁሉንም ስላደረግሁት ነው። (ሳቅ)

እሺ፣ አንደኛው።

እኛ ቤት ደረት ላይ የሚንጠለጠለውን ሁሉ «ኒሻን» እንላለን። አይደለም እንዴ? «አያቴ ኒሻን ነበራቸው» እንላለን። ግን ኒሻን ሌላ ነው፣ የዘመቻ ሜዳይ ሌላ ነው። ኒሻን ደረጃ አለው፤ ለተመረጠ ሰው ይሰጣል። የዘመቻ ሜዳይ ለዘመተ ሁሉ ነው። ምሽግ ውስጥ ያደረውም ያገኘዋል፣ ወጥ የሠራውም ያገኘዋል። ወጥ ሠሪውን መናቄ አይደለም! ያለ እሱ ማን ይዋጋል?

አንዳንዱ ሜዳይ ግን ትንሽ ይናገራል። የአርበኝነት ሜዳይን ያያችሁ አላችሁ? ጥብጣቡ ላይ ትንንሽ ዘንባባዎች አሉት። «ባለ 5 ዘንባባ» ሲባል ሰምታችኋል። አንዱ ዘንባባ አንድ የአርበኝነት ዓመት ነው። ባለ 5 ዘንባባ ማለት ጣሊያን ከገባ እስኪወጣ ጫካ የነበረ ሰው ነው። ይህን ሜዳይ ሳይ እቀናለሁ። ዓመቱን ይነግራችኋላ! ቆጥራችሁ ታውቁታላችሁ።

የኮሪያው እንዲህ አይደለም።

እዚህ ያላችሁ ታሪኩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ለልጆቹ ስል ባጭሩ ልበለው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ። ከጅቡቲ በመርከብ ተጭኖ ያ ወር ሳያልቅ ፑሳን ደረሰ። ቃኘው የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። ወታደሮቹ ከክቡር ዘበኛ የተመረጡ ነበሩ። እዚያ ሲደርሱ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፉ። አንዱ ሻለቃ አንድ ዓመት ገደማ ይቆይና በሌላው ይተካል። በተለምዶ የሚጠቀሰው ቁጥር 6,037 ዘማች፣ 121 ሙት፣ 536 ቁስለኛ ነው። አንድም የተማረከ የለም። ይህችን የመጨረሻዋን እዚህ ያሉት አባቶች ደጋግሜ እንድላት ይፈልጋሉ፤ አንድም የተማረከ የለም! (ጭብጨባ)

አሁን ልብ በሉልኝ። ለ121ዱ ሐውልት አለ። አፍንጮ በር ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። አስከሬናቸውም ወደ አገሩ ተመልሷል። 536ቱስ? ቆስለው የተመለሱት የት ነው ያሉት? እቤታችን ነው ያሉት። ወይም ነበሩ። የእኔ ነገር ከእነሱ ካንዱ ጋር ነው።

ወደ ሜዳዩ ልመለስ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ለኮሪያ ዘማቾች የሚሰጥ ሜዳይ ወሰነ። ክብ ነው፣ የነሐስ። ፊቱ ላይ የድርጅቱ ዓርማ አለ፤ ያ ሉሉና የወይራ ዝንጣፊው። ጀርባው ላይ የድርጅቱን ቻርተር መርሖች ለመጠበቅ ለተሰጠ አገልግሎት መሆኑ ተጽፏል። ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ፣ ቀጫጭን ባለ መስመር ነው። መስመሮቹን ቁጠሯቸው፤ 17 ናቸው።

ደስ የሚለው ምን መሰላችሁ? ጽሑፉ በዘመቱት አገሮች ቋንቋ ነው የተቀረጸው። በእንግሊዝኛ አለ፣ በፈረንሳይኛ አለ፣ በቱርክኛ፣ በግሪክኛ፣ በታይኛ አለ። በአማርኛም አለ! መጀመሪያ እጄ ሲገባ ፊደላችንን አይቼ ሱቁ ውስጥ ጮህኩ። ባለ ሱቁም ጩኸቴን ሰምቶ ዋጋ ጨመረ። እባካችሁ ዕቃ ስትገዙ አትጩኹ። (ሳቅ)

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ስም የለውም። የእንግሊዞችን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳይ ብታዩ የወታደሩ ቁጥር፣ ማዕረግና ስም ተመትቶበታል። ካናዳዎች ይህንኑ የኮሪያ ሜዳይ ለራሳቸው ሰው ሲሰጡ ስም አስቀርጸውበታል። እጄ የገባው የእኛ ሰው ሜዳይ ጠርዙ ልሙጥ ነው። የማን ነው? አይታወቅም። የት ዋለ? አይታወቅም። ቆሰለ? እሱማ ጭራሽ አይታወቅም። የቆሰለውም ያልቆሰለውም አንድ ዓይነት ነሐስ ነው ያገኘው።

ስለ ቁስሉ ሜዳዩ አንድ ቃል አይናገርም። አንድ ቃል!

እንግዲህ ሁለተኛው ነገር ይኸው ነው። ስም የሌለው ሜዳይ ባለቤቱ እንዴት ይገኛል?

የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቁ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣ። ውስጡ አራት ሜዳይ፣ አንድ ፎቶና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። አንደኛው የነገርኳችሁ የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ ነው፣ በአማርኛ። ሁለተኛው የራሳችን መንግሥት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጠው ነው። ሦስተኛው የብር ኢዮቤልዩ ሜዳይ ነው፤ ጃንሆይ የነገሡበት 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የተሠራው። አራተኛው ደግሞ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ሐምራዊ ጥብጣብ ያለው፣ መሐሉ ላይ የሰው ፊት ያለበት።

«ይኼ የቁስለኛ ሜዳይ ነው» አለኝ። «ሰውዬው ቆስሏል። ፎቶውን እየው።»

ፎቶውን አየሁት። የሆስፒታል ልብስ የለበሰ ወጣት ነው። ቀኝ ክንዱ በፋሻ አንገቱ ላይ ታስሯል። ይስቃል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «ቶክዮ። ሰኔ 3 ቀን 1945።»

«የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው» አለ ባለ ሱቁ። «ብርቅ ነው። ለፈረንጅ ብሸጠው እጥፍ አገኝበታለሁ።»

እስቲ አስቡት! በፈረንጅ 1945 ከሆነ፣ በዚያ ዓመት ቶኪዮ በአሜሪካ ቦምብ ነድዳለች። ጃፓን በሰኔም ገና እጇን አልሰጠችም። የእኛ ሰው እዚያ ምን ሊሠራ ሄዶ ነው የሆስፒታል ፒጃማ ለብሶ የሚስቀው? (ሳቅ) ወታደሩ የጻፈው በራሱ ዘመን ነው። ሰኔ 3 ቀን 1945 ማለት በፈረንጅ ጁን 10 ቀን 1953 ነው። የኮሪያ ቁስለኛ ጃፓን ተወስዶ ይታከም ነበር። ሁሉም ገጠመ።

ባለ ሱቁን በሆዴ ስቄበት ከፈልኩ። እንዳልስቅ የሚያደርግ ነገር ግን እኔም ላይ ደርሷል፤ ቆዩኝ።

መጀመሪያ ያቺን ልብ ልንገራችሁ። ፐርፕል ኸርት ትባላለች። መሐሉ ላይ ያለው ፊት የጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ለአሜሪካ ወታደር ነው የምትሰጠው፤ ለቆሰለ ወይም ለሞተ። ለእኛ ሰው አትሰጥም። ከአሜሪካ ወገን ለጀግንነታቸው ሲልቨር ስታርና ብሮንዝ ስታር የተሸለሙ የቃኘው ሰዎች አሉ፤ እሱ እውነት ነው። ይህቺ ግን አይደለችም። አንድ ነጋዴ «ሰውዬው ከቆሰለማ ይህቺም ትገባዋለች» ብሎ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ጨምሯታል። እኔም ለእሷ ተጨማሪ ከፍያለሁ። ሜዳዮቹ ስለ ቁስሉ ዝም ስላሉ፣ ዝምታው ላይ ነጋዴው ተናገረበት። እኔም አመንኩት።

ስለዚህ ስብስብ ስታገኙ መጀመሪያ ጠይቁ። እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ደረት ላይ ሊውሉ ይችላሉ ወይ? አንድ ጊዜ ባለ 5 ዘንባባ የአርበኝነት ሜዳይና የኮሪያ ሜዳይ አንድ ላይ አሳይተውኛል። ይቻላል? ይቻላል። በ1928 ዓ.ም. ሃያ ዓመቱ የነበረ ሰው ኮሪያ ሲሄድ ሠላሳ አምስት ይሆነዋል። ግን ደግሞ የአባትና የልጅ ሊሆን ይችላል። አንድ ሳጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች። ሲጠየቅ የአባትና የልጅ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ታጠፈችው ወረቀት። በእጅ የተጻፈች ናት፤ ግማሹ ፊደል ደብዝዟል። ስሙ ላይ ውሃ ፈስሶ የሚነበበው የአባት ስም ብቻ ነው። ከታች ግን በደንብ ይነበባል፤ ግለሰቡ «እስከ ታኅሣሥ ወር 1953 ድረስ በክቡር ዘበኛ ሲያገለግሉ የነበሩ» መሆናቸውን ይመሰክራል።

እንግዲህ እኔ ብልጡ፣ በባለ ሱቁ የሳቅሁት፣ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? የፎቶው ቀን ወደ ፈረንጅ ተቀይሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ጁን 1953 ሆኖ ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ 1953 ሳይ፣ «አሃ! ቶኪዮ ታክሞ፣ ስድስት ወር ሳይሞላው ተሰናበተ» አልኩ። በቃ። ሙሉ አንድ ክረምት «በ1946 ዓ.ም. በጉዳት የተሰናበተ ቃኘው ታውቃላችሁ?» እያልኩ ሰው አደረቅሁ።

አንድ ቀን አንድ አባት፣ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠጉና ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ታኅሣሥ 53ን አታውቅም?» አሉኝ።

ታኅሣሥ 53! መንግሥቱ ነዋይና ገርማሜ። የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት። ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛ እንደ ድሮው አልሆነም። ሰዉ ተበተነ፤ አንዳንዱ ታሰረ፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ ጦር ተዛወረ፣ አንዳንዱ ወደ አገሩ ገባ። ከኮሪያ የተረፈ ሰው ስንቱ በዚያች አንድ ሳምንት ሕይወቱ ተገለበጠ? ሰውዬው ስድስት ወር አይደለም ያገለገለው፤ ቆስሎ ከተመለሰ በኋላ ሰባት ዓመት ከምናምን አገልግሏል።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ሜዳዩ ነግሮኝ ነበር። የ1948ቱ የኢዮቤልዩ ሜዳይ እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። በ1946 የተሰናበተ ሰው የ1948 ሜዳይ ከየት ያመጣል? ዓይኔ ሥር ነበር። አልጠየቅሁትም።

ይህን የማወራው ለመሳቅ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ይህን ያዙልኝ። የእኛ ወረቀት በእኛ ዘመን ነው የሚጻፈው። የአሜሪካው በነሱ። በሰባትና በስምንት ዓመት ይለያያሉ፤ ሁለቱም ግን «19» ብለው ይጀምራሉ። 1945 ስታዩ አንድ ጦርነት ሊመስላችሁ ይችላል፣ 1953 ስታዩ ሌላ። ሁሌም «በማን አቆጣጠር?» በሉ።

ስምም እንደዚሁ ነው። አሜሪካኖቹ ሰነድ የሚይዙት በኋለኛው ስም ነው። ስለዚህ አያታችሁን በአባታቸው ስም ነው የምታገኟቸው። ገብረ እና ወልደ ያለበት ስም ደግሞ አንዴ ተለያይቶ፣ አንዴ ተጣብቆ ይጻፋል። ያው አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ይቀመጣል። የወታደር ቁጥር ካላችሁ ከስም ይልቅ እሱን ያዙ። ዋሽንግተን አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ንገሩልኝ፤ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የጦር ክፍሎችን ወረቀት ይዟል። የ7ኛ ክፍለ ጦርም፣ የ32ኛው ሬጅመንትም። ሲልቨር ስታር የመሰለው ሽልማት ቁጥርና ቀን ባለው ትእዛዝ ነው የሚሰጠው። አያትህ ተሸልመው ከሆነ ትእዛዙ ላይ ያደረጉት ነገር ይጻፋል። እኔ ሰውዬዬን እዚያ አላገኘሁትም። ዝም ብሎ የቆሰለ ሰው ነው። ዝም ብሎ!

ታዲያ እንዴት አገኘሁት? በሰው ነው። በዚያው አባት። «ሰኔ 45 ቶኪዮ የተኛ ከሆነ ሦስተኛ ቃኘው ነው» አሉኝ። ሦስተኛው ሻለቃ የገባው በሚያዝያ 1945 ገደማ ነው። በግንቦት ፖርክ ቾፕ ከሚባለው ኮረብታ አጠገብ፣ ዮክ እና አንክል የሚባሉ ሁለት የግንባር ምሽጎች ላይ ከባድ ውጊያ ሆነ። ቻይናዎቹ በሌሊት መጡ። መድፍና ሞርታር እንደ ዝናብ ወረደ። ተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን ነው። አስቡት፣ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር።

አባት ፎቶውን ገልብጠው እንደገና አዩት። «ይኼ የሚስቅ ልጅ... ክንዱን ነው አይደል? ቀኝ? ይኼ ግምጃ ቤት የነበረው ነው። በግራ እጁ ነበር ሰላምታ የሚሰጠን፤ ይቅርታ እየጠየቀ።»

ሰፈሩን ነገሩኝ። ሰፈሩ ፈርሶ ነዋሪው ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ሌላ አራት ወር ፈጀብኝ። ያን አላወራችሁም፤ ከቀበሌ ቀበሌ ነው፣ የሁላችሁም ሕይወት ነው። (ሳቅ)

ሦስተኛው ነገር። ምን ማድረግ እንደሌለብን።

ቆርቆሮውን የገዛሁ ቀን ማታ እቤቴ ገባሁ። ሜዳዮቹ ጥቁር ናቸው። ጥላሸት የተቀባ ነው የሚመስሉት። ምን አደረግሁ? ሎሚ ቆረጥሁ፣ አመድ አመጣሁ፣ እናቴ የናስ ሰኒ እንደምታሸው አድርጌ አሸሁት። ሲያብረቀርቅ እንዴት ደስ አለኝ! ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ።

ከዚያ ጥብጣቡን አየሁት። የተባበሩት መንግሥታቱ ጥብጣብ አጭር ነው። አንድ ጣት የሚያህል ከላዩ ጎድሏል። «ብል በልቶታል» አልኩ። አሜሪካ ላለው ወንድሜ ደወልኩ፤ እሱም አዲስ ጥብጣብ ገዝቶ በሰው ላከልኝ። ሰማያዊና ነጭ፣ 17 መስመር፣ ንጹሕ። ነገ እቀይረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እቀይረዋለሁ ስል ሳልቀይረው ቀረሁ። ስንፍና አንዳንዴ ያድናል።

እማማ ዘንድ የሄድኩት አንድ ቅዳሜ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸውም ልጆቻቸውም «ስም ይቅር፣ ታሪኩን አውራ» ብለውኛል። አራተኛ ፎቅ። በሩን የከፈተችልኝ የልጅ ልጃቸው ናት። «እንደምን ዋሉ እማማ?» ብዬ ከእግራቸው ሥር ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሜዳዮቹን ነጠላ ጨርቅ ላይ ደርድሬ አሳየኋቸው።

ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ የተባበሩት መንግሥታቱን አነሡ፣ ወደ መስኮቱ ያዙት፣ አገላበጡት።

«አጥበኸዋል?»

«አዎ እማማ። በጣም ቆሽሾ ነበር።»

«አልቆሸሸም። ጭስ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ ሲገባ ኮሪያ ዘምቷል መባል ጥሩ አልነበረም። ከአሜሪካ ጎን ቆሞ ኮሚኒስት የተዋጋ ሰው በዚያ ጊዜ ምን ይባላል? እናንተ ታውቁታላችሁ። እዚህ ያላችሁት ስንቶቻችሁ ቀበራችሁ? ስንቶቻችሁ ወንዝ ጣላችሁ? ባለቤታቸውም «ጣይው» አሏቸው። እሳቸው አልጣሉም። ሙዳይ ውስጥ ከተቱት። ሙዳዩን ማዕድ ቤት ጣራው ሥር፣ ከምድጃው በላይ ሰቀሉት። ፈታሽ ቢመጣ ጥላሸት የለበሰ ሙዳይ ማን ይነካል? አሥራ ሰባት ዓመት! እንጀራ በተጋገረ ቁጥር፣ ወጥ በተሠራ ቁጥር ያ ጭስ በስንጥቁ እየገባ ሜዳዩ ላይ አረፈ። እኔ ያንን አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ማታ በሎሚ አጠብኩት።

ምን ልበላቸው? «ይቅርታ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

«ግድ የለም ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ጥብጣቡን በጣታቸው ለኩት። ሳቅ አሉ። «ይኼን አልነካኸውም።»

ባለቤታቸው ያረፉት በ1996 ነው። ልጆቹ «ሜዳዮቹ አብረውት ይቀበሩ» አሉ። እማማ እምቢ አሉ። ለልጅ ልጅ ይቅር አሉ። ግን ባዶ ደረቱን መሸኘት ከበዳቸው። መቀስ አመጡ። ከጥብጣቡ አንድ ጣት ቆርጠው የኮቱ ደረት ኪስ ውስጥ ከተቱለት። እኔ ብል በላው ያልኩት እሱ ነው። ብል እኮ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይበላም! ዓይን ቢኖረኝ የመቀስ ቁራጭ መሆኑ ይታይ ነበር። አዲሱ ጥብጣብ አሁንም እቤቴ አለ፤ ከነላስቲኩ።

ስለ ቁስሉ የጠየቅኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ምሽግ ውስጥ እንዳለ የሞርታር ፍንጣሪ ነው የመታው። ቀኝ ክንዱን፣ ከክርኑ በላይ። የወጣውም አለ፣ ያልወጣውም አለ። ጣቶቹ ከዚያ በኋላ አልጨበጡም። ክረምት ሲገባና ብርዱ ሲጀምር ክንዱን ይይዝና «ኮሪያ መጣች» ይል ነበር። ልጆቹ ትንሽ ሆነው ኮሪያ የምትባል ዘመድ አለች ብለው በር ያዩ ነበር።

ሲጋቡ ደግሞ፣ ሠርጉ ላይ፣ ሙሽራው ሙሽሪትን ያጎርሳል አይደል? በቀኙ አልቻለም። በግራው ጠቀለለና አጎረሳቸው። ሰው አጉረመረመ። በግራ ይጎረሳል እንዴ? የሙሽራዋ አያት ሊቆጡ ተነሡ። «እኔ» አሉኝ እማማ፣ «አፌን ከፍቼ ጣቱን ነከስኩት። ሁሉም ሳቀ። በቃ ቀረ።» ይህን ሲነግሩኝ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር። እስኪያርፉ ድረስ በግራ ነው ያጎረሷቸው።

ይህ ደብተር ውስጥ ያለው ይህ ነው። ከየትኛው ቤተ መዛግብት ላገኘው ነበር?

ሜዳዮቹ እንዴት ከቤት እንደወጡም ነገሩኝ። እማማ ጸበል ሄደው ልዋጭ ሰፈር መጣ። የልጅ ልጅየው ያኔ ሕፃን ነው። ሙዳዩን ገልብጦ ሜዳዩን፣ ፎቶውን፣ ወረቀቱን ሰጠና ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበለ። አያቱን ለማስደሰት ነው እኮ! ሳፋዎቹን አይቻቸዋለሁ። አንዱ አሁንም ልብስ ይታጠብበታል። ስለዚህ ልጆችን ንገሯቸው። ቆራሌ በሰፈር ሲያልፍ፣ ልዋጭ ሲጮህ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ ቤት ውስጥ ይኑር። ደግሞ ዛሬ ማታ፣ ነገ አይደለም ዛሬ ማታ፣ ሽማግሌ ያላችሁ ስልካችሁን መቅረጫ ላይ አድርጉና «ይኼ ጥቁሩ ምንድን ነው?» በሉ። ሎሚውን ለወጥ አስቀምጡት።

አስታውሱኝ ብዬ ነበር፤ አባቴ ዓይናቸውን ተክለውብኛል። (ሳቅ) ሳጥኑ የታለ?

ልነሣ ስል «እማማ፣ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። ገንዘብ ሊሰጡኝ ቦርሳቸውን ፈለጉ፤ ተለማመጥኩ። ፎቶውን ላስቀዳው ጠየቅሁ፤ ፈቀዱ። ይኸው፣ ያ የሚስቀው ልጅ ይህ ነው፤ ታዞሩታላችሁ። የልጅ ልጅየዋን ጠርተው ሙዳዩን አስመጡ። ጥቁር ነው። እሱን ማንም አላጠበውም። ሦስቱን ሜዳይ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ከተቱት። ያቺን የአሜሪካ ልብ «ይህቺ የኛ አይደለችም» ብለው መለሱልኝ። ክዳኑን ገጠሙና ጣራውን አዩ። ነጭ ኮርኒስ ነው፣ አምፖል አለው። የኤሌክትሪክ ምጣዱን አዩ።

«አሁን ጭስ ከየት ላምጣለት?» አሉኝ።

እሺ፣ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እዚያ ጋ ያሉት እናት ይቅደሙ።